«የስሜት ነርቩ ደኅና ነው»፦ የአንገት ነርቭ ምርመራ አንድምታ

ንባብ፦ «የስሜት ነርቩ ደኅና ነው፤ ሲ 7 የሚያዛቸው ጡንቻዎች ግን ታውከዋል።»

ሐተታ፦ ይህ ቃል አንገቱን ታሞ ክንዱ የደነዘዘ ሰው ከነርቭ ምርመራ ክፍል ይዞት የሚወጣ የውጤት ቃል ነው።

«ደኅና ነው» አለ። ጣቱ ደንዝዞ ሳለ እንደምን ደኅና ይለዋል ቢሉ፥ የስሜት ነርቭ ሕዋስ የሚቀመጠው ከህብለ ሰረሰር ውጭ በነርቩ ሥር ላይ ባለ ቋጠሮ ውስጥ ነው። የተንሸራተተ ዲስክ ወይም ያደገ አጥንት የሚጫነው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከቋጠሮው በላይ፥ ወደ ህብለ ሰረሰር በሚገባው ወገን ነው። ከቋጠሮው እስከ ጣት ያለው ክር ከሕዋሱ አልተለየምና በኤሌክትሪክ ሲነኩት ይመልሳል፤ መልእክቱ ግን አንጎል ሳይደርስ ስለሚቀር ጣት ይደነዝዛል።

አንድም ሕመሙ ከእጅ አንጓ አይደለም ሲል ነው። አንጓ ላይ የተጨመቀ ሚዲያን ነርቭም አውራ ጣትን፥ ጠቋሚንና የመሐል ጣትን ያደነዝዛል፤ እርሱ ቢሆን ግን የመልእክቱ ፍጥነት አንጓው ላይ በዘገየ ነበር።

አንድም ልኬቱ የወፍራም ክሮች ነው፤ ሕመም የሚያደርሱት ቀጫጭኖቹ አይታዩበትም። ስለዚህ «ደኅና» መባሉ «አላመመህም» መባል አይደለም።

ታሪክ፦ የነርቭን ፍጥነት አስቀድሞ የለካ ጀርመናዊው ሄርማን ሄልምሆልትዝ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1850 በእንቁራሪት ነርቭ ለካው። በጤነኛ ሰው ክንድ ዛሬ የሚጠበቀው በሰከንድ 50 ሜትርና ከዚያ በላይ ነው።

«ሲ 7» አለ። የአንገት አጥንት 7 ሲሆን የነርቭ ሥሩ በየወገኑ 8 ነው። ሲ 7 በ6ኛውና በ7ኛው አጥንት መካከል ይወጣል፤ ከሌሎቹ ይልቅ የሚጨመቀውም እርሱ ነው።

«ጡንቻዎች» ብሎ ማብዛቱ ስለምን ነው ቢሉ፥ አንድ ጡንቻ ብቻውን ምስክር አይሆንም። ክርንን የሚዘረጋው ጡንቻ ከራዲያል ነርቭ፥ አንጓን ከሚያጥፉት አንዱ ከሚዲያን ነርቭ ትእዛዝ ይቀበላሉ፤ ሁለቱን የሚያገናኛቸው የሲ 7 ሥር ነው። ሐኪሙ ቀጭን መርፌ ሰክቶ፥ ጡንቻው ዘና ብሎ ሳለ ያለ ትእዛዝ ሲንጣጣ ከሁለቱም ከሰማ፥ ጉዳቱ ከሥሩ ነው ይላል።

«ታውከዋል» አለ። ከመቼ ወዲህ ቢሉ፥ ይህ የመንጣጣት ምልክት ከጉዳቱ በኋላ በክንድ ጡንቻ እስኪታይ 3 ሳምንት ገደማ ይፈጃል። በመጀመሪያው ሳምንት ተመርምሮ ነጻ የተባለ ሰው ኋላ ሊታይበት ይችላል።

እንኪያስ ኤምአርአይ ካለ ይህ የነርቭ ምርመራ ምን ይጠቅማል ቢሉ፥ ያ መልክን፥ ይህ ሥራን ያሳያልና ነው። ምንም የማያመው ሰው ዲስኩ ተንሸራቶ በኤምአርአይ ሊታይ ይችላል። ፍርዱ የሚጸናው ሁለቱ ከታማሚው ቃልና ከሐኪሙ ምርመራ ጋር ሲስማሙ ነው። ወረቀቱ ነጻ ቢለውም እንኳ ክንዱ እየሰነፈ የሚሄድ፥ አረማመዱ የተዛባ ወይም ሽንቱን መቆጣጠር ያቃተው ሰው ቀጠሮ ሳይጠብቅ ወደ ሐኪም ይሂድ።