ስለ ግማሽ ተግሣጽ

ከቆቦ ሜዳ ተነሥቶ በአላማጣ በኩል ወደ ኮረም የወጣ መንገደኛ አሸንጌን ያገኛል። በመጋቢት ወር 1928 ዓ.ም. ከማይጨው ውጊያ በተመለሰው የኢትዮጵያ ጦር ላይ የኢጣልያ አይሮፕላኖች በዚህ ሐይቅ ዳር የመርዝ ጋዝ አዘነቡ። አይሮፕላን ግን ያለ ቤንዚን አይበርም።

የመንግሥታት ማኅበር ኢጣልያን በዳይ ናት ብሎ ፈርዶ፣ በዚያው ዓመት ከኅዳር 8 ቀን ጀምሮ የጦር መሣሪያና ብድር ከልክሏት፣ ሸቀጧንም አልገዛም ብሎ ነበር። ነዳጁን ግን አልከለከለም፤ የስዊዝም ቦይ ለመርከቦቿ ክፍት ነበረ። እንግዲህ የማይጎዳ ተግሣጽ ከዝምታ ይሻላልን? ሌባው የሰረቀውን በሬ በበረቱ እንዳሠረ፣ ሰባት ቀን ጹም ብለው የሚያሰናብቱ የንስሐ አባት ምን ይባላሉ? ሌባው ቀለለው፤ አባም ሥራዬን ሠራሁ አሉ፤ ባለ በሬው ግን ፍርድ አለ ብሎ ደጅ ሲጠና ከረመ።

ነዳጁ ቢከለከል ጦርነቱ ለአውሮጳም በተረፈ ነበር የሚሉ አሉ። ፍርሃቱ ሐሰት አይደለም፤ ፍርሃትን ፍርድ ብሎ መጥራት ግን ሌላ ነው። ፈሪ ነኝ ያለ ጎረቤት ቢያንስ የተበደለውን አያዘናጋም። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን በጄኔቭ ቆመው አቤት አሉ፤ ከአራት ቀን በኋላ፣ ሰኔ 27፣ ጉባኤው ያው ግማሹ ቅጣት እንኳ እንዲነሣ ወሰነ።