የፈቃድ ዕዳ

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ ከልክ ያለፈ ውፍረትን ለመቀነስ ሲባል የትንሹን አንጀት አብዛኛውን ክፍል ከምግብ መተላለፊያ የሚያገልል ቀዶ ጥገና ይደረግ ነበር። ክብደቱ በእርግጥ ቀነሰ። ተቅማጡ ግን አላቋረጠም፤ ከዓመታት በኋላም በብዙዎች ላይ የኩላሊት ጠጠር፣ ከሁሉ የከፋው ደግሞ የጉበት መድከም ተከተለ። በ1980ዎቹ ዘዴው ሲተው፣ ቀዶ ጥገናው የተደረገላቸው ሰዎች ከነመዘዙ ቀሩ። አንጀቱን ወደ ነበረበት መመለስ ይቻላል፤ ችግሩ ውፍረቱም አብሮት መመለሱ ነው።

እንዲህ ያለውን ሕመምተኛ «በገዛ ፈቃዱ ያመጣው ነው» ብሎ መፍረድ ይቀላል። ነገር ግን ሐኪሙ እንኳ መዘዙን አጥርቶ ባላወቀበት ጊዜ የተሰጠ ፈቃድ እንዴት የሕመምተኛው ብቻ ዕዳ ሊሆን ይችላል? ሐኪምስ ቁስሉ በደረቀ ማግስት ከኃላፊነት ይወጣልን? በዛሬው የጨጓራ ቀዶ ጥገና እንኳ የቫይታሚን ኪኒኑና የደም ምርመራው ዕድሜ ልክ የሚቀጥል ነው።