ደጅ ጥናት ወይስ ዝምድና?

ደጅ የጠናችሁ ታውቁታላችሁ። ጉዳያችሁ እስኪፈጸም በየማለዳው ከባለሥልጣኑ በራፍ ትቆማላችሁ፤ እጅ ትነሳላችሁ፤ ዘበኛውን ሳይቀር ትለማመጣላችሁ። ጉዳዩ ያለቀ ዕለት ግን ያን በር ዘወር ብላችሁ አታዩትም። እኔ ከእግዚአብሔር ጋር ለብዙ ዘመን የኖርኩት ኑሮ ይኸው ነበር።

ልጄ በታመመ ጊዜ ለቁልቢ ገብርኤል ተሳልኩ። ልጁ ዳነ። እኔም ታኅሣሥ 19 ቀን ከሕዝቡ ጋር ተጋፍቼ ጃንጥላዬን አስገባሁ። ስለት መሳል ነውር የለውም፤ ነውሩ የእኔ ነበር። ጃንጥላውን ሳስረክብ ዕዳዬን ከፍዬ ደረሰኝ የተቀበልኩ ያህል ቀለለኝና፣ ለወራት አቡነ ዘበሰማያት እንኳ አልደገምኩም።

እናቴ እንዲህ አልነበረችም። ዳዊት ለሳምንቱ ቀናት ተከፋፍሎ ይደገማል፤ ውዳሴ ማርያምም ለየዕለቱ የራሱ ድርሻ አለው። እናቴ የዕለቱን ሳታደርስ እህል አትቀምስም ነበር። ነገር ግን ስትደግም ዓይኗ ከምድጃው፣ ጆሮዋ ከበሩ ነው። መሐል ላይ «ኧረ ወተቱ ገነፈለ!» ብላ ትጮህና ካቆመችበት ትቀጥላለች።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ፣ «እማዬ፣ ልብ የሌለበት ጸሎት ግብዝነት አይሆንም?» አልኳት።

«አባትህ ሲያጫውተኝስ ወተቱ ይገነፍል አልነበረም? ተነስቼ አወርዳለሁ፤ ተመልሼ አዳምጠዋለሁ። ወተት በገነፈለ ቁጥር ትዳር ይፈታል እንዴ?» አለችኝ። ያን ጊዜ ሳቅሁ።

እናቴ ስታርፍ ዳዊቷ ለእኔ ደረሰኝ። ማለዳ ማለዳ እገልጠው ጀመር፤ እውነቱን ለመናገር ከእግዚአብሔር ይልቅ እሷን ናፍቄ ነበር። ከዚያ በፊት አቡነ ዘበሰማያት እደግማለሁ። በዚያ ጸሎት ውስጥ፣ እኛ የበደሉንን ይቅር በምንልበት መጠን ይቅር እንድንባል የምንለምንበት ቦታ አለ። እኔ ደግሞ በአባቴ ቤት ውርስ ተጣልተን ከታላቅ ወንድሜ ጋር ከተዘጋጋን ሦስት ዓመት አልፎናል።

ልጄ ታሞ ሳለቅስ ይህ ነገር ትዝ ብሎኝ አያውቅም። በራሴ ቃል ስለምን የምናገረውን የምመርጠው እኔው ነኝና ወንድሜን ዘልዬው አልፍ ነበር። የየዕለቱ ጸሎት ግን ምርጫ አይሰጥም። ያቺን ቦታ ዛሬ አጉረምርሜ ባልፋት፣ ነገ እዚያው ቆማ ትጠብቀኛለች። ሁለት ወር ያህል እንዲህ ስንተያይ ከረምን። አንድ ጧት አፌ እምቢ አለኝ። ዳዊቱን ሳልገልጥ ወጥቼ ከወንድሜ በር ቆምኩ። ሚስቱ ስትከፍትልኝ «ጋሼ አለ?» ከማለት ሌላ ቃል አልመጣልኝም። የቤቱ ነገር ዛሬም አላለቀም። ቡና ግን እንጠራራለን።

ታዲያ ልማድ ሁሉ ያድናል እያልኩ አይደለም። ሲጾም ሲጸልይ ውሎ የሠራተኛውን ደመወዝ የሚከለክል ሰው ሁላችንም እናውቃለን፤ ልማድ ጆሮንም ይደፍናል። የእናቴ ልብ ሲባዝን ይመለስ ነበር፤ የዚህ ሰው ልብ ግን ቀድሞውንም አልመጣም። ልዩነቱ ጸሎቱ ሲያልቅ ጎረቤት የሚያየው ይመስለኛል።

እስራኤል በምድረ በዳ መና ሲወርድላቸው የዕለት የዕለቱን እንዲለቅሙ ታዘዙ፤ ከሰንበት ዋዜማ በቀር ያሳደሩት ተላ። የቁልቢው ለቅሶዬም ያደረ መና ሆኖብኝ ኖሯል። ባለጉዳይ ጉዳይ ሲኖረው ይመጣል፤ ዘመድ ግን ባዶ እጁንም፣ ወሬ ሳይኖረውም፣ ደክሞትም ይመጣል። ዛሬ ጧት ስደግም ሐሳቤ ሦስት ጊዜ ሸሽቶ ከመሥሪያ ቤት ደርሷል። ሦስቱንም ጊዜ ካቆምኩበት ቀጠልኩ።