ካዛንቺስ ከፓዌ የምትማረው

በ1977ቱ ድርቅ ወሎና ትግራይ በረሃብ ሲረግፉ፣ የደርግ መንግሥት 1.5 ሚሊዮን ሰው ወደ ምዕራቡና ደቡብ ምዕራቡ ዝናባማ አገር ላስፍር ብሎ ተነሣ። ብዙ ሳይቆይ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ በአውቶቡስ፣ በጭነት መኪናና በአንቶኖቭ አውሮፕላን ወደ መተከል፣ አሶሳ፣ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋና ጋምቤላ ተጓጓዘ። ረሃቡ አስጨንቆት፣ የተነገረው ተስፋ አጓጉቶት በፈቃዱ የሄደ ነበር፤ ከገበያና ከእህል ማደያ ታፍሶ የተጫነም ነበር። በዚያ ግርግር ባል ከሚስት፣ ልጅ ከእናት ተለያየ።

ከትልልቆቹ የሰፈራ ጣቢያዎች አንዱ በመተከል፣ በበለስ ሸለቆ ያለው ፓዌ ነበር። የወሎ ገበሬ በሬ ጠምዶ ጤፍና ገብስ ማብቀል ያውቃል። በለስ ላይ ግን ወባው ልጆቹን፣ ገንዲው ከብቱን ፈጀበት። ጫካውን የሚመነጥረው ዶዘር፣ ማሳውን የሚያርሰው የመንግሥት ትራክተር፣ እሱ ድርሻው በሥራ ነጥብ የሚታሰብለት የማኅበር ሠራተኛ ሆነ። ቀዬው እንኳ መንደር እየተባለ በቁጥር ይጠራ ነበር። የጣሊያን መንግሥት በጣና በለስ ፕሮጀክት መንገድና ሆስፒታል አሠራ፤ በ1983 ደርግ ሲወድቅ ግን ድጋፉ ተቋረጠ፤ ብዙው ሰፋሪም ጓዙን ጠቅልሎ ወደ መጣበት ተመለሰ።

መሬቱ ባዶ ነው ተብሎ ነበር። የአካባቢው ነባር ሕዝብ ጉሙዝ ግን ጥቂት ዓመት አርሶ ለብዙ ዓመት የሚያሳርፈው ማሳው፣ የሚያድንበት ዱሩ፣ ማር የሚቆርጥበት ዛፉ ነበር። ያልተጠየቀው ባለአገርና ሳይወድ የመጣው እንግዳ ደም ተቃቡ።

በፓዌ የቀሩት ሰፋሪዎች አገር ያቀኑት የቆላውን ጠባይ ተምረው፣ ቅሬ የሚሉትን የወሎ እድራቸውን እንደገና አቋቁመው፣ የየራሳቸውን ማሳ በራሳቸው ፈቃድ ማረስ ሲጀምሩ ነው። በ1995 የተነደፈው 2.2 ሚሊዮን ሰው የማስፈር ዕቅድም ከደርጉ ሰፈራ ተምሮ፣ ሰፋሪው በፈቃዱ እንዲሄድ፣ ከክልሉ እንዳይወጣ፣ ካልተስማማውም እንዲመለስ የቀድሞ መሬቱ ለ3 ዓመት እንዲጠበቅለት ደነገገ።

ይህን ታሪክ ዛሬ ማንሳት ግድ የሚለን ስለ ካዛንቺስ ነው። በ2017 በኮሪደር ልማት ምክንያት ከአዲስ አበባ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ከተነሡት የካዛንቺስ ቤተሰቦች ብዙዎቹ ከተማው ዳር ገላን ጉራ ገብተዋል። ገላን ጉራ እንደ በለስ የወባ ቆላ አይደለም፤ ቤቱም ከድሮው የቀበሌ ቤት ሊሻል ይችላል። ነገር ግን በሆቴሎችና በቢሮዎች አካባቢ እንጀራ ጋግራ፣ ቡና አፍልታ ልጅ ታሳድግ የነበረች እናት ሙያዋ አብሯት ቢሄድም ደንበኛዋ ካዛንቺስ ቀርቷል። ለሐዘን ለደስታ የሚደርሰው እድርም በአንድ ቀን አይተከልም።

ስለዚህ የከተማው አስተዳደር ነገም ሌላ ሰፈር ከማንሳቱ በፊት ነዋሪውን በቂ ጊዜ ሰጥቶ ያወያይ፤ ጎረቤትን ከጎረቤት፣ አባልን ከእድሩ ሳይነጥል ያዛውር፤ ለአዲሱ ሰፈር መሬቱን የሚለቀውን የከተማ ዳር ገበሬ በአግባቡ ይካስ፤ ከቤቱ ቁልፍ ጋር የሥራ ቦታና ትራንስፖርት ያዘጋጅ። የፓዌ ሰፋሪዎች ለዚህ ትምህርት በልጆቻቸው ሕይወት ከፍለዋል፤ ሌላ ቤተሰብ እንደገና ሊከፍል አይገባም።