ምኑን ሰወርን? ምኑንስ ገለጥን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ዛሬ በደባርቅም በዳባትም በጃናሞራም ያለው ወጣት ስልኩን ከኪሱ አይለይም። አንዱ ሰው በፌስቡክ በገዛ ስሙ ይጽፋል፤ በቴሌግራም በሌላ ስም ይሳደባል፤ በቲክቶክ ደግሞ የመልአክ ሥዕል ለጥፎ ይመክራል። ታዲያ ከሦስቱ እርሱ የትኛው ነው? ጾም ሰው ወደ ራሱ የሚመለስበት ጊዜ ነውና ይህን ጥያቄ ልንሸሸው አይገባም።

ስም መብዛቱ ብቻውን ውሸት አይደለም። ወንዱ በአርባ፣ ሴቷ በሰማንያ ቀን ስንጠመቅ የክርስትና ስም ተቀብለናል። እናት የምትጠራን የቤት ስምም አለን። በዚሁ በጃናሞራ፣ በደረስጌ ማርያም፣ ደጃች ካሣ በ1847 ዓ.ም. በአቡነ ሰላማ እጅ ዘውድ ሲጭኑ ቴዎድሮስ ተብለዋል። እነዚህ ስሞች ግን በምስክር ፊት የተሰጡ ናቸው፤ ባለቤቱም ይጠየቅባቸዋል። አፄ ቴዎድሮስም በያዙት ስም እስከ መቅደላ ድረስ ተጠይቀውበታል። በስልክ ያወጣነውን ስም ግን ማን ይጠይቀናል?

“እንግዲያ መሰወር ሁሉ ኃጢአት ነው ወይ?” ትሉ ይሆናል። አይደለም። ጌታችን ራሱ ጾማችንንም ምጽዋታችንንም ለታይታ እንዳናደርገው አስተምሮናል (ማቴ. 6)። ጥቅምት 14 ቀን የምናስበው ቅዱስ ገብረ ክርስቶስ የንጉሥ ልጅ ሲሆን በአባቱ ደጅ እንደ ነዳይ ኖሯል፤ ማንነቱ የታወቀው ካረፈ በኋላ ነው። ሐናንያና ሰጲራም ሰውረዋል (የሐዋ. 5)። መሬት ሸጠው ከዋጋው ከፊሉን አስቀሩ፤ የቀረውን ግን ሁሉን እንደሰጡ አስመስለው አቀረቡ። እንግዲህ ቅዱሱም ሰወረ፣ እነርሱም ሰወሩ። ልዩነቱ እርሱ የሰወረው ክብሩን ነው፤ እነርሱ የሰወሩት ጉድለታቸውን ነው።

መመዘኛችን ይህ ይሁን። እኛ በስልካችን የምንገልጠው ምኑን ነው? ነጠላ አጣፍተን የተነሣነውን ፎቶ፣ ለነዳያን ስንሰጥ የተቀረጽነውን ቪዲዮ ነው። የምንሰውረውስ? ቂማችንን፣ በቤታችን ያለውን ጠብ፣ በሌላ ስም የጻፍነውን ስድብ ነው። ሊሰወር የሚገባውን ገለጥን፤ ሊገለጥ የሚገባውን ሰወርን። ከዚህ የከፋው ደግሞ ሰው ደጋግሞ ያሳየውን መልክ ራሱም ማመኑ ነው። መቶ ሰው “ቃለ ሕይወት ያሰማልን” ሲለው ቁስሉ የዳነ ይመስለዋል። የዳነ የመሰለው በሽተኛ ደግሞ መድኃኒት አይፈልግም።

በ2016 ዓ.ም. ድርቅ ጃናሞራን በጎዳ ጊዜ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። በዚያ ወራት ከሌማቷ ቆርሳ ለጎረቤቷ ያካፈለች እናት ፎቶ የሚያነሣት፣ ላይክ የሚያደርግላት አልነበረም። እግዚአብሔር ግን አይቷታል። እስቲ እያንዳንዳችን እንጠይቅ፤ መስመሩ ሲቋረጥ ከእኛ ምን ቀረ? ማንነታችን ያ የቀረው እኮ ነው።

የጾሙ ሰባተኛ ሳምንት በስሙ የተሰየመለት ኒቆዲሞስ በሌሊት ተሰውሮ ወደ ጌታ መጣ (ዮሐ. 3)። ጌታም አላሳፈረውም፤ አስተማረው እንጂ። በመጨረሻ ግን ያው ኒቆዲሞስ ከርቤና እሬት ይዞ ጌታን ለመገነዝ በግልጥ ተገኘ (ዮሐ. 19)። ስለዚህ ፈርቶ በስውር ስም የሚጠይቅ፣ ጭንቀቱን የሚያዋይ ወንድም ወይም እህት ቢኖር አንፍረድበት። ሌሊቱ መነሻ እንጂ መኖሪያ አይሁንብን። ለማያውቁን ሰዎች መናገር ለጊዜው ያስተነፍስ ይሆናል፤ የኃጢአት ሥርየት የምናገኘው ግን ስማችንንና ቤታችንን በሚያውቁ በንስሐ አባታችን ፊት ስንናዘዝ ነው። ራሳችንንም በትክክል የምናየው ያን ጊዜ ነው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ካህኑ በጸሎት የሚያነሡን፣ ስናርፍም ፍትሐት የሚደረግልን በክርስትና ስማችን ነው፤ በስልክ ባወጣነው ስም አይደለም። በዚህ ጾም መልካሙን ሥራችንን እንሰውር፤ ቁስላችንን ለንስሐ አባታችን እንግለጥ፤ በሌላ ስም የሰደብነውን ሰው በገዛ ስማችን ይቅርታ እንጠይቅ።

ለዚህም የአምላካችን ቸርነት፣ የእመቤታችን አማላጅነት አይለየን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።