ያዥና ባለቤት

ቃልም እንደ ሰው ይሾማል፣ ይሻራል። ለዚህ የእንግሊዞች ሕግ ‹ቴናንት› የሚለውን ቃል በምስክርነት እንጠራለን። ምንጩ ‹መያዝ› የሚል የላቲን ግስ ነውና ትርጓሜው ‹ያዥ› ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1066 በኋላ በእንግሊዝ አገር ምድሪቱ ሁሉ ከንጉሡ የተያዘች ናት ስለ ተባለ፣ ታላላቁ መኳንንት ሳይቀሩ በዚህ ስም ይጠሩ ነበር። ዛሬ ግን ቃሉ ከማዕርጉ ወርዶ በአብዛኛው ኪራይ ከፋዩን ያመለክታል።

ወደ አገራችን ብንመለስ፣ የጎጃም ገበሬ መሬቱን ‹ርስት› ይለው ነበር፤ ይኸውም ‹ወረሰ› ከሚለው የግዕዝ ግስ የወጣ ነው። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ሲል አጸናው። ለገበሬው የቀረለት ቃል ‹ይዞታ› ነው፤ እርሱም ‹ያዘ› ከሚለው ስለሚወለድ በትርጓሜው ለእንግሊዙ ቃል ወንድም ነው።

ታዲያ ያዥ ከባለቤት ያንሳልን? በዳንግላና በእንጅባራ አገር፣ በአዊ ምድር ያለውን የፋግታ ለኮማን ገበሬ እንመልከት። ዲከረንስ የተባለውን ዛፍ ተክሎ፣ ቈርጦ እስኪያከስለው ድረስ 4 ወይም 5 ዓመት ያህል ይጠብቃል። መሬቱ ከእጁ እንዳይወጣ ባያምን ኖሮ ችግኙን ባልተከለ ነበር።

ባለርስቱም ቢሆን ከአባቱ ተቀብሎ ለልጁ የሚያቈይ ያዥ እንጂ ሌላ አልነበረም። ስለዚህ ሕግ ለያዡ ቃሉን ከጠበቀለት፣ ያዡም ምድሪቱን ለተተኪው ከጠበቀ፣ ‹ይዞታ› ከ‹ርስት› አያንስም እንላለን። ቃል ከታጠፈ ግን ትልቁም ስም ባዶ ነው።