ሰው የሚኖረው ለምንድር ነው?

በቀድሞ ዘመን በአገራችን ሰው እግዚአብሔር አለ ወይስ የለም ብሎ ከመከራከር ይልቅ፣ እግዚአብሔር ከእኔ ምን ይፈልጋል ብሎ መጠየቅ ይቀናው ነበር። ዛሬ ግን በትምህርት ቤትም፣ በሥራ ቦታም፣ በባዕድ አገር በሚኖሩ ልጆቻችንም ዘንድ ሌላ ጥያቄ ይሰማል። ይኸውም፣ «በእግዚአብሔር የማያምን ሰው ሕይወቱ ዓላማ ሊኖረው አይችልምን? እኔ ሳላምን እሠራለሁ፤ ልጆቼን አሳድጋለሁ፤ ለድኻ እራራለሁ፤ ታዲያ ምን ጐደለኝ?» የሚል ነው። እንዲህ ብሎ የሚጠይቀውን ሰው በቁጣ ማባረር ወይም በፌዝ ማሳፈር ከክርስቲያን የሚጠበቅ አይደለም። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ በአቴና የፍልስፍና ሰዎችን ባገኘ ጊዜ ቀርቦ አነጋገራቸው እንጂ አልሸሻቸውም። እኛም የጠያቂውን ቃል በሚገባ ሰምተን እንመልስ።

በመጀመሪያ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። በሕይወት ውስጥ ያለ ዓላማ አንድ ነገር ነው፤ የሕይወት ዓላማ ደግሞ ሌላ ነው። ገበሬውን ለምን ታርሳለህ ቢሉት፣ ልዘራ ይላል። ለምን ትዘራለህ ቢሉት፣ ላጭድ፤ ለምን ታጭዳለህ ቢሉት፣ ልበላና ልጆቼን ላበላ፤ ለምን ትበላለህ ቢሉት፣ ልኖር ይላል። ለምን ትኖራለህ ተብሎ ሲጠየቅ ግን፣ ላርስ ብሎ ቢመልስ፣ ነገሩ እንደ አውድማ በሬ ዞሮ ዞሮ እዚያው መሆኑ ነው። እያንዳንዱ ሥራ ከፊቱ ባለው ሥራ ምክንያት ይጸናል፤ ሥራን ሁሉ ያቀፈው ሕይወት ግን በምን ይጸናል? የማያምን ሰው በሕይወቱ ውስጥ ብዙ ዓላማዎች እንዳሉት አንክድም። እርሻውም፣ ትምህርቱም፣ ለልጆቹ ያለው ፍቅርም እውነተኛ ነው። ጥያቄያችን፣ ይህ ሁሉ የተንጠለጠለበት ኩላብ በምን ግድግዳ ላይ ተተክሏል? የሚል ነው።

ይህም የሥራ ፈት ጥያቄ እንዳልሆነ ለማስረዳት የሩሲያዊውን ደራሲ የሌዎ ቶልስቶይን ነገር እንመልከት (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በ1828 የተወለደው ይህ ሰው «ጦርነትና ሰላም» እና «አና ካሬኒና» በተባሉት መጻሕፍቱ ስሙ የገነነ፣ ርስትና ሀብት፣ ሚስትና ልጆች፣ ጤናም ያልጐደለው ነበር። ዕድሜው ወደ ሃምሳ ሲጠጋ ግን አንድ ሐሳብ ያዘው። በሳማራ ስላለው ሰፊ መሬቱና ስለ 300 ፈረሶቹ ሲያስብ፣ ይህስ ይሁን፤ ከዚህ በኋላስ? እያለ ራሱን ይጠይቅ ጀመር። መልስ ስላጣም ራሱን እንዳይሰቅል ፈርቶ ገመድ ከዓይኑ እንደ ሰወረ፣ ጠመንጃ ይዞ ወደ አደን መውጣትንም እንደ ተወ፣ በ1884 በጄኔቫ በታተመው «ኑዛዜ» በተባለው መጽሐፉ ራሱ ጽፎታል። ከተማሩት ዘንድ ያጣውን መልስ ፍንጭ ያገኘው፣ በድካምና በችግር እየኖሩ በእምነታቸው ጸንተው ከሚሠሩና በሰላም ከሚሞቱ ተራ ገበሬዎች ዘንድ መሆኑንም ይመሰክራል።

ቶልስቶይን የሃይማኖት መምህር አድርገን አንጠቅሰውም። ኋላ የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ስለ ተቃወመ፣ በ1901 የሩሲያ ቤተ ክርስቲያን ቅዱስ ሲኖዶስ ከቤተ ክርስቲያን መለየቱን አስታውቋል። የምንጠቅሰው ለጥያቄው ምስክር እንዲሆን ነው። ሁሉ የሞላለት ሰው በሞላለት ነገር ሊያርፍ አለመቻሉን አሳይቷልና። ጠቢቡ ሰሎሞንም ከእርሱ አስቀድሞ በጥበብ፣ በሕንፃ፣ በተድላና በሀብት ሁሉ ዕረፍትን ፈልጎ እንዳጣ መጽሐፈ መክብብ ያስረዳል፤ መደምደሚያውም ፈሪሃ እግዚአብሔር ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ብልህ ሰው ተነሥቶ፣ «ሕይወት አጭር በመሆኗ ትርጉም ከሌላት፣ ብትረዝም ምን ይጨመርላታል? ትርጉም የሌለው ነገር ለዘለዓለም ቢቀጥል ድካሙ ይበዛል እንጂ ትርጉም አያገኝም» ሊለን ይችላል። ይህ አነጋገር እውነት አለበት፤ ልንሸሸውም አይገባም። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያን ተስፋ የምታደርገው የዘመንን ብዛት ብቻ አይደለም። ጌታችን በወንጌለ ዮሐንስ ስለ ዘለዓለም ሕይወት ሲያስተምር፣ አብንና የላከውን ልጁን ማወቅ መሆኑን ገለጠ እንጂ ዓመታትን አልቈጠረም። እናት ሕፃኗን አቅፋ ስትስም፣ ለምን ትስሚዋለሽ ብትባል፣ ስለምወደው ከማለት በቀር ሌላ ምክንያት አትፈልግም። ልዘራ፣ ላጭድ፣ ልብላ እያለ የሚሄደው የምክንያት ሰንሰለት የሚያርፈው ፍቅር ላይ ሲደርስ ነው። የእኛ ፍቅር ግን ይደክማል፤ ሞትም ከምንወደው ይለየናል። ፍቅር የባሕርዩ ከሆነ፣ ሞትም ከማያሸንፈው አምላክ ጋር አንድ መሆን ግን ከእርሱ ወዲያ ለምን የማይባልበት ዕረፍት ነው።

ሌላው ተቃውሞ ከዚህ የጠነከረ ነው። ዣን ፖል ሳርትር የተባለው የፈረንሳይ ፈላስፋ በ1945 በፓሪስ ባደረገው ንግግር የወረቀት መቍረጫ ቢላዋን ምሳሌ አድርጎ ተናገረ። የቢላዋው ሠሪ ቢላዋውን ከመሥራቱ በፊት ለምን እንደሚያገለግል ያውቃል፤ ሰውን ግን አስቀድሞ ያሰበው ፈጣሪ ስለሌለ፣ ሰው አስቀድሞ ይገኛል፣ ከዚያም ምን እንደሚሆን ራሱ ይወስናል አለ። ይህንም የሚከተሉ አንዳንድ ወጣቶች፣ «ዓላማዬን ሌላ ከወሰነልኝ እኔ የሌላ መሣሪያ ነኝ፤ ነጻ ሰው አይደለሁም» ይላሉ።

መልሳችን በአገራችን የሥነ ፍጥረት ትምህርት ውስጥ ይገኛል። ባለ እጅ ማረሻ የሚሠራው ጐደሎውን ሊሞላበት ነው፤ ማረሻው ለራሱ የሚያተርፈው የለውም። እግዚአብሔር ግን የሚጐድለው ስለሌለ በሰው የሚሞላው ጐደሎ የለውም። ስለዚህ ሊቃውንቶቻችን ሰው ለምን ተፈጠረ ተብለው ሲጠየቁ፣ ስሙን ለመቀደስ ብለው አያቆሙም፤ ክብሩንም ለመውረስ ብለው ይጨምራሉ። ማረሻ የባለ እጁን ርስት አይወርስም፤ የሚወርስ ልጅ ነው። አባት ልጁን ለቁም ነገር ማሰቡ ልጁን ባሪያ አያደርገውም። እንዲያውም እግዚአብሔር ሰውን በፈቃዱ ሊመርጥና ሊተው የሚችል አድርጎ መፍጠሩ፣ ከእርሱ የሚፈልገው የመሣሪያን አገልግሎት ሳይሆን የልጅን ፍቅር መሆኑን ያሳያል።

ደግሞም እስኪ እናስተውል፤ ዋጋ ያለው ነገር ሁሉ ዋጋ የሚያገኘው እኛ ስለ መረጥነው ነውን? በእግዚአብሔር የማያምን አንድ ሐኪም በሌሊት ተነሥቶ ከማያውቀው በሽተኛ አጠገብ ሲተጋ ያድራል እንበል። ይህ ሥራው መልካም ነው፤ ሊመሰገንም ይገባል። ነገር ግን ከእንቅልፉ ያስነሣው ምንድር ነው? የበሽተኛው ነፍስ ዋጋ ያላት እርሱ ዋጋ ሊሰጣት ስለ ወሰነ ብቻ ከሆነ፣ ነገ ውሳኔውን ቢለውጥ ዋጋዋ ይጠፋ ነበር። ሐኪሙ ግን እንዲህ አያስብም። እርሱ ሳይመርጣት፣ ሳያያትም በፊት ያች ነፍስ ክብርት እንደ ሆነች በልቡ ያውቃል፤ ስለዚህም ይተጋል። በአፉ የካደውን በእጁ ይመሰክራል ማለት ነው። ሕግ ያልተሰጣቸው አሕዛብ የሕግ ሥራ በልባቸው ተጽፎ እንደሚገኝ ሐዋርያው ለሮሜ ሰዎች ያስተማረው ይህን የመሰለውን ነው።

እንግዲህ የማያምነው ወንድማችን ሕይወት ከንቱ ነው እንበልን? አንልም። በቀድሞ ዘመን መልእክተኛ ደብዳቤውን በተሰነጠቀ በትር ጫፍ አስይዞ ከአገር ወደ አገር ይጓዝ ነበር። ፊደል ባይቈጥርም፣ ደብዳቤው ምን እንደሚል ባያውቅም፣ የያዘው ቃል ባዶ አልነበረም። የማያምን ሰውም እንዲሁ ነው። ሕይወቱ ትርጉም የምታገኘው እርሱ ስለሚያምን አይደለም፤ እግዚአብሔር በአርአያው ስለ ፈጠረው ነው። የጐደለው የተሸከመውን ማንበብ፣ ላኪውንም ማወቅ ነው። ይህም ትንሽ ጐደሎ አይደለም። ላኪውን የማያውቅ መልእክተኛ መንገዱ ሲከብደው ደብዳቤውን ጥሎ ሊሄድ ይችላልና፤ በመከራና በሐዘን ቀን ብዙዎች ሕይወታቸውን እንደ ከባድ ሸክም የሚቈጥሩት ስለዚህ ነው።

ወላጆች ሆይ፤ ልጃችሁ እምነቱን ትቻለሁ ቢላችሁ፣ ሕይወትህ ዋጋ የለውም ብላችሁ አትርገሙት፤ እውነትም አይደለምና። መልካም ሥራውን አመስግኑለት፤ ይህ መልካምነት ከወዴት መጣ ብላችሁ በፍቅር ጠይቁት፤ በራችሁንም አትዝጉበት። ከሁሉ በፊት ግን ራሳችንን እንመርምር። እግዚአብሔር መኖሩን ማወቅ ብቻውን አይበቃም፤ አጋንንትም ይህን ያውቃሉ። እየጾምን የድኻ ደመወዝ የምናስቀር፣ እየተሳለምን ከጐረቤት ጋር ተኳርፈን የምንኖር ከሆነ፣ ደብዳቤውን ማንበብ ችለን ሳናደርስ የቀረን መልእክተኞች እኛ ነን። ፍርዱም ማንበብ ካልቻለው ይልቅ በእኛ ላይ ይከብዳል። የቶልስቶይን ልብ የነኩት ገበሬዎች ክርክር አያውቁም ነበር፤ በኑሯቸውና በአሟሟታቸው ግን ሰው ለምን እንደሚኖር አሳዩ።

ለምን እንደ ፈጠረን የሚያውቅ አምላክ፣ እኛም እንድናውቀው ልቡናችንን ያብራልን፤ የራቁትን ያቅርብልን፤ የቀረብነውን ያጽናን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።